ዝናን ስለ መመኘት

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ ሰው ዝናን ቢመኝ ኃጢአት ይሆንበታልን? አንዳንዱ ከንቱ ውዳሴ ነው ብሎ ይነቅፈዋል፤ ሌላውም ስሙ ያልተጠራ ሰው እንዳልተፈጠረ ይቈጠራል ይላል። እኛ ግን ከመፍረዳችን በፊት የአንድን ባለ ዝና ኑሮ እንመርምር።

አበበ ቢቂላ በ1924 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን አውራጃ በጃቶ መንደር ተወለደ፤ ኋላም የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ የማራቶንን ሩጫ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና በወጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በቶክዮ ድል አደረገ። ከእርሱ አስቀድሞ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ አልነበረም።

በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩን ታሞ ከመንገድ ወጣ፤ ማሞ ወልዴም አሸነፈ። እነሆ፥ ሁለቱም ለአገራቸው ወርቅ አመጡ፤ የማሞ ስም ግን እንደ አበበ ስም በሰው አፍ አይዘወተርም። ስለዚህ የሰው ምስጋና ድካምን በትክክል የሚሰፍር ቁና አይደለም።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን አበበ የሚነዳት መኪና ተገልብጣ አከርካሪው ተጐዳ፤ ከዚያም ወዲያ በእግሩ አልሄደም። ከዓባይ በረሃ ዳገቱን ወጥቶ መካነ ሰላም ገበያ የሚደርስ ሰው የእግርን ዋጋ ያውቃልና፥ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማስተዋል አይቸግረውም።

ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ከሄደ በኋላ አበበ ቀስት መወርወርን ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. በዚያው አገር በአካል ጉዳተኞች ውድድር ተሰለፈ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ወዳጄ ሆይ፤ በዓለም ፊት አንደኛ የነበረ ሰው ተመልሶ ጀማሪ መሆኑ ቀላል ነገር አይምሰልህ። በትውልድ ከተማው ትምህርት ቤት አንደኛ የነበረ ተማሪ ወደ ትልቅ ከተማ ሄዶ ወደ ኋላ ቢቀር፥ ከማፈሩ የተነሣ ትምህርቱን ይተዋል። የከሰረ ነጋዴም ከሰው በታች ሆኖ ከመሥራት ቤቱን ዘግቶ መቀመጥን ይመርጣል።

ምናልባት፥ «ዝና ባይኖረው ማን ባሕር ማዶ ልኮ ያሳክመው ነበር?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስንት ስሙ ያልታወቀ ሰው በመንደሩ ወድቆ ቀርቷል። እንግዲህ ዝና ይጠቅማል። ነገር ግን ዝና ሐኪም ያመጣል እንጂ እንደ ገና ለመማር የሚታዘዝ ልብን አያመጣም።

አበበ በ41 ዓመቱ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልተረሳም። አንተም ዝናን ብትመኝ አልነቅፍህም። ነገር ግን ማታ ብቻህን በሆንህ ጊዜ ልብህን እንዲህ ብለህ ጠይቀው፤ ዛሬ የምመሰገንበት ነገር ነገ ቢወሰድብኝ፥ ከጀማሪዎች መካከል ለመቀመጥ እፈቅዳለሁን?