ከየትኛው ድርጅት ናችሁ?

ባለፈው ጥቅምት ነው። ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት መንደር፣ ለትምህርታችን የታዘዝነውን መጠይቅ ይዘን ቤት ለቤት እንዞር ነበር። ጥያቄያችን ቀላል ነው፤ አጎበር አላችሁ ወይ፣ ሌሊት ትተኙበታላችሁ ወይ፣ በዚህ ክረምት ወባ የያዘው ሰው ነበረ ወይ። ሰዉ ግን ከኛ ቀድሞ የሚጠይቀን ጥያቄ ነበረው። «ከየትኛው ድርጅት ናችሁ?»

በአራት ቤቶች «ተማሪዎች ነን» ብለን መለስን። ያስቀየመን ሰው የለም፤ «ይቅናችሁ ልጆቼ» ተብለናል። መልሱ ግን አጭር አጭር ነበር፣ በሩም ገርበብ እንዳለ ነበር። አምስተኛው ቤት ስንደርስ ከመካከላችን አንዱ (ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ሌሎቻችንም ዝም ብለናልና) «ከድርጅት ነን፣ እማማ» አለ።

ቤቱ በአንድ ጊዜ ሌላ ሆነ። በርጩማው ተጠረገ፣ ጠላ ቀረበ፣ ጎረቤት ተጠራ። እማማ የራሳቸውን ስም አስጻፉ፣ የልጅ ልጃቸውንም አስጻፉ። ከአጥሩ ወዲያ ያሉትም እየመጡ አስጻፉ። የምን መዝገብ እንደሆነ የጠየቀን የለም። ስንወጣ በአንድ የደብተር ቅጠል ላይ አሥራ አንድ ስም ይዘን ነበር።

በመልሱ መንገድ ሚኒባሱ ውስጥ ማንም አልተናገረም። ክርክሩ የፈነዳው አዘዞ መገንጠያው ላይ ሻይ ቤት ከገባን በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የተረፈ ነው። ሁላችንም አልተስማማንም፤ አንባቢም ባይስማማ አይከፋንም።

ውሸቱን ለጊዜው እናቆየውና ጥያቄውን እንመርምረው። እማማ ሰውን በድርጅቱ የሚለዩት ለምንድን ነው? ሞኝ ሆነው አይደለም። በዕድሜያቸው ያዩት ይህንኑ ነው። መድኃኒቱ፣ ዘይቱ፣ ፓምፑ፣ አጎበሩ ሁሉ ስም ተለጥፎበት ነው የመጣላቸው። ያለ ምልክት የመጣ ነገር ካለ ግብር ሰብሳቢው ብቻ ነው። ስለዚህ «ከየትኛው ድርጅት ናችሁ?» ማለታቸው ከልምድ የወጣ ብልህ ጥያቄ ነው፤ ምን ይዛችሁ መጣችሁ፣ ነገስ ትኖራላችሁ ወይ፣ ማለታቸው ነው።

የሚገርመው ይህ ጥያቄ የተጠየቀበት ቦታ ነው። በ1953 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንጽፈው) በዚሁ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይጻፋል። ወባ ከዓመት እስከ ዓመት በሚኖርበት ቆላ ያደገ ሰው ከሕመሙ ጋር እየታገለ ገላው ትንሽ ይለምደዋል፤ የወይና ደጋው ሰው ግን ይህ መከላከያ የለውም። ዝናብና ሙቀት በበዛበት ዓመት ትንኟ ወደ ላይ ትወጣለች። የምትወጣውም ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ እህል በሚደርስበት ወራት ነው። እናም ወባ ሰውን ብቻ አይገድልም፣ አጫጁን መርጦ ይገድላል፤ አጫጅ የሞተበት ጤፍ ደግሞ ማሳ ላይ ይረግፋል። በ1958 ይኸው ነገር በመላው የሀገሪቱ ደጋማ ክፍል ሲደገም 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚህ መዓት በኋላ ነው።

ከደምቢያው እልቂት በኋላ በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ያቆሙት መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የቴክኒክ ዕርዳታ በአንድነት ነው። በሀገሪቱ ያኔ የሐኪም ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ሐኪሞቹም ጥቂቶች፣ የሚበዙትም የውጭ ሰዎች ነበሩ። ኮሌጁ ግን የአውሮፓን ሐኪም በትንሹ ልቅረጽ አላለም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ላይ አሠልጥኖ እንደ አንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። አንዱ ሲያክም ሁለተኛዋ እናትና ሕፃን ትጠብቃለች፣ ሦስተኛው ምንጭና መጸዳጃ ይመለከታል። እኛም መጠይቅ ይዘን ቤት ለቤት የምንዞረው የዚያ ልማድ ልጆች በመሆናችን ነው። እንግዲህ እማማ «ከየትኛው ድርጅት ናችሁ?» ሲሉን ትክክለኛው መልስ «እዚሁ መንደር ከሞቱት ሰዎች ነን» የሚል ነበር። ማንኛችንም አላሰብነውም።

አሁን ወደ ዋናው ጭቅጭቅ። እንዲህ ያለውን ነገር ምን ብለን እንጥራው? «ትብብር» የሚለው ቃል በወረቀት ላይ ያምራል፤ ነገር ግን ሰጪውም ተቀባዩም በአንድ ቃል ስለሚጠሩበት ምንም አይነግረንም። ገበሬው ቤት ከዚህ የጠሩ ቃላት አሉ። ምጽዋት አለ፣ ወንፈል አለ፣ ደቦ አለ።

ምጽዋት ላይ መጠኑንም ቀኑንም የሚወስነው ሰጪው ነው፤ የተቀባዩ ድርሻ «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ነው። ወንፈል ቀን በቀን፣ ጉልበት በጉልበት ይመለሳል። ደቦ ግን ሌላ ነው። በደቦ ጠሪው ባለማሳው ነው። የቱ ማሳ እንደሚታረም የሚናገረው እሱ፣ ጠላውን የሚያስጠምቀውና ንፍሮውን የሚያስቀቅለው እሱ፣ ሌሊት ተነሥቶ ከማሳው ጫፍ ቀድሞ የሚቆመውም እሱ ነው። የተጠራው ሰው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን «የለም፣ ጤፍህን ትቼ ሽምብራህን ነው የማርመው» አይልም። ቢል ከመንደሩ ይሣቅበታል። ባለማሳውም «እናንተ እረሙልኝ፣ እኔ ልተኛ» ካለ በሚቀጥለው ዓመት ሰው አይመጣለትም።

ትንሽ ሀገር በዓለም አቀፍ ድርጅት በኩል ስትረዳ የሚያስፈራው መቀበሏ አይደለም። መቀበል ነውር ቢሆን ኖሮ ደቦም ነውር በሆነ ነበር። የሚያስፈራው ማሳውን የሚመርጠው ሌላ ሲሆን ነው፤ ወይም ደግሞ፣ ይህ ደግሞ ስለኛ ነው፣ ባለማሳው ሲተኛ ነው።

በዚህ ሚዛን የጎንደሩ ኮሌጅ ወደ ደቦ ያደላል እንላለን። ማሳው የታወቀ ነበር፣ ሬሳ የተነሣበት ማሳ ነበርና። ሆኖም ከመካከላችን አንዷ አጥብቃ እንዳሳሰበችው ነገሩን እንዳናሞግሰው። ጤና መኮንኖቹ ብዙዎቹ ኮሌጁን ወደ ሐኪምነት መሸጋገሪያ አድርገውት ነበር። ሥልጠናውም በ1970ዎቹ ተቋርጦ በ1990ዎቹ ነው የተመለሰ። ለገጠር የተሠራው ሰው ፊቱን ወደ ከተማ ማዞሩን የውጭ ድርጅት አላዘዘውም። እኛው ነን ያዞርነው።

አዘዞ ላይ ሆኖ ስለ ውጭ ዕርዳታ መጨቃጨቅ አዲስ ነገር አይደለም። ገነተ ኢየሱስን የሠራው ዐፄ ሱስንዮስ ከፖርቱጋሎችና ከኢየሱሳውያን ጋር የተወዳጀው ለእምነት ብቻ ሳይሆን ወታደርና ጠመንጃ ተስፋ አድርጎ ጭምር ነበር። ሃይማኖቱን በ1622 በይፋ ለወጠ፤ የተመኘው ጦር አልመጣም፤ የመጣው የእርስ በርስ ጦርነት ነው። በ1632 የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ፣ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ትቶ ሞተ፣ የተቀበረውም እዚሁ ነው። ማሳውን ከነእርሻው ለተጠሪው ያስረከበ ሰው ታሪክ ይመስለናል። ግን ይህን ምሳሌ ብዙ መጎተት አንፈልግም፤ የዛሬ ድርጅቶች ኢየሱሳውያን አይደሉም።

ለኛ የሚቀርበው ምሳሌ 1978 ነው። አሜሪካኖቹ ሄደው፣ ጎንደር ላይ የሐኪሞች ትምህርት የተጀመረው ከላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከምሥራቅ ጀርመን መምህራን መጡ። ትናንት በአንዱ ጎራ ገንዘብ የቆመ ቤት ዛሬ በተቃራኒው ጎራ ሰው ያስተምር ጀመር። በ1990 ደግሞ ምሥራቅ ጀርመን የምትባል ሀገር ራሷ ከካርታ ጠፋች። ኮሌጁ ግን አልጠፋም፤ በ2004 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሰጪው እንደ መንግሥቱ ይለዋወጣል። የቀረው ነገር የቀረው ማሳው ላይ የቆመ ሰው ስለነበረ ነው።

ወንፈልስ? አንዳንዶቻችን «እኛ መቼ መለስን?» ብለን ነበር። መልሰናል እንጂ! በ1951 የቃኘው ሻለቃ በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ኮሪያ ዘምቷል፤ ከ120 በላይ ኢትዮጵያዊ እዚያ ወድቋል። በ1960 ደግሞ ወደ ኮንጎ ጦር ተልኳል። ኮሪያ ያኔ ከኛ የባሰች ተረጂ ነበረች። በ1991 ኮይካ የሚባል የራሷን ዕርዳታ ሰጪ ድርጅት አቋቁማ ለኛም ትሰጠን ጀመር። ይህ ሲነገር ደስ ይላል። ነገር ግን ጓደኛችን ሻዩን ፉት ብሎ «እኛ ደም ሰጥተን እነሱ ፕሮጀክት ሰጡን፤ ይኼ ወንፈል ከሆነ ሚዛኑ የት አለ?» ሲል የመለሰለት የለም።

ይኸው ጓደኛችን ነው ክርክሩን ሊያፈርስብን የተነሣ። «አቦ ተዉኝ!» አለ፤ «ትኩሳት ለያዘው ሕፃን መድኃኒቱን የገዛው ማንም ይሁን ምን ይጠበስ? ፍልስፍናችሁ የጠገበ ሰው ፍልስፍና ነው።» ልክ ነው። በዚያች ሌሊት፣ ለዚያ ሕፃን፣ ልክ ነው። ማንም እናት የኪኒኑን አገር አትጠይቅም፣ መጠየቅም የለባትም።

ጥያቄው የሚመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ እንደ ታመመና 1,157 ሰው እንደ ሞተ የዓለም ጤና ድርጅት መዝግቧል። ይህ በሆነ በሦስት ወሩ፣ ጃንዋሪ 2025፣ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን አቆመች፤ ጁላይ 1 ቀን ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። የጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 የጤና ሠራተኞችን ውል ለማቋረጥ ተገደደ። ሰጪውን ልንራገም አንችልም፤ የበሉበትን ወጪት መስበር ይሆናል፤ ገንዘቡም የራሱ ነው፣ ሊሰጥም ላይሰጥም ይችላል። የሚያሳፍረው ሌላ ነው። ስልሳ ስድስት ዓመት ወባን ስንዋጋ ኖረን፣ የትንኟን ወራት ከገበሬው እኩል እያወቅን፣ የመስከረሙን ደመወዝ ሩቅ አገር ያለ ሰው ፊርማ ላይ ማንጠልጠላችን ነው።

ስለ ራሳችንም ሳናወራ ብናልፍ ግብዝነት ነው። ከመካከላችን ተመርቆ ድርጅት መግባት የማይመኝ ማን አለ? በጤና ጣቢያ ደመወዝ የቤት ኪራይና አስቤዛ እንደማይቻል ሁላችንም እናውቃለን። እናቶቻችንም «ልጄ ድርጅት ገባ» ብለው ጎረቤት ፊት መኩራት ይፈልጋሉ። ይህን ኀጢአት ነው ማለት አልቻልንም። ያልነው ይህን ብቻ ነው። ድርጅት የገባ ሰው ማሳው የማን እንደሆነ እንዳይረሳ፣ «የቱን ልሥራ?» ብሎ ጽሕፈት ቤቱን ብቻ ሳይሆን እማማንም ይጠይቅ። ጓደኛችን በዚህም ሣቀ፤ «ሪፖርቱ በስንት ቀን እንደሚደርስ ሲነገርህ ታየዋለህ» አለ።

የቀረው ውሸቱ ነው። እንመለስበታለን ብለን ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ቀላል ነገር ለማስመሰል ሞከርን፤ መጠይቁ ተሞልቷል፣ ጉዳት የደረሰበት ሰው የለም፣ ወዘተ። አንዷ ግን እንዲህ አለች። «እማማ ጠላ ያቀረቡልን እንግዳ ስለሆንን መሰላችሁ? ደቦ ስለጠሩ ነው። አሁን ስሙን አስጽፎ፣ ጠላውን አቅርቦ፣ ማሳው ጫፍ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አለ።»

ቅጠሉን ቅደዱት ያለ ነበር። ለጤና ጣቢያው እንስጠው ያለም ነበር፤ ግን ምን ብለን? የአጎበር ዝርዝር አይደለም፣ የሕመምተኛ ዝርዝር አይደለም። ሄደን እውነቱን እንንገራቸው የሚለው ሐሳብ በአራት ድምፅ በሦስት አልፏል። ከዚያ ፈተና መጣ፣ ከዚያ ዝናብ መንገዱን አበላሸው፣ ከዚያ ሁለቱ ለልምምድ ሌላ ቦታ ተመደቡ። ይህ እስከሚጻፍ ድረስ አልሄድንም። አሥራ አንዱ ስም በአንዳችን ደብተር ውስጥ አለ፤ የመጀመሪያው የእማማ ነው፣ ሁለተኛው የልጅ ልጃቸው፣ ዕድሜውም ጎን ለጎን ተጽፏል፦ 3።