በሣጥን ውስጥ ስለሚኖር ጭራቅ

ሰው ከሚፈራው ነገር ይሸሻል እንጂ የሚፈራውን በገንዘቡ ገዝቶ በቤቱ አያኖርም፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ይመስላል። ነገር ግን በዘመናችን የሚሆነውን ብንመለከት ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከተማ የሚያፈርስ፣ ባሕር የሚያናውጥ፣ ከአፉ እሳት የሚተፋ ጭራቅ የሚታይባቸው ፊልሞች ተሰብስበው፣ በዲስክ ተቀድተው፣ ባማረ ሣጥን ውስጥ ተደርድረው ይሸጣሉ፤ ገዢውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ሳይጎድልበት በመደርደሪያው ላይ በማኖሩ ደስ ይለዋል። እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ፍርሃትን በሣጥን ማኖር ተገቢ ነውን? ሰው ጥፋትን ደጋግሞ እያየ ሲደሰት ልቡ ይነቃልን ወይስ ይደነዝዛል?

ይህ የሩቅ አገር ሰዎች ጥያቄ ብቻ እንዳይመስልህ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በየሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበረ፤ ልጆችም ሳንቲማቸውን እየከፈሉ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ፊልም በአንድነት የተቀዳበት ዲስክ መጣ፤ ዛሬ ደግሞ በየካ ክፍለ ከተማ የሚኖር ወጣት ጣት በምታክል ፍላሽ ሃያ ፊልም ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ሣጥኑ ቢለዋወጥም ነገሩ አንድ ነው።

በነገሩ ላይ በትክክል ለመፍረድ መነሻውን ማወቅ ይገባል። የካቲት 22 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1954፣ አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ በቢኪኒ ደሴት የሃይድሮጂን ቦምብ ፈተነች። «ዳይጎ ፉኩርዩ ማሩ» የምትባል የጃፓን ዓሣ አጥማጆች መርከብ አደጋ አለበት ከተባለው ክልል ውጭ ሳለች መርዘኛው አመድ እንደ በረዶ ወረደባት። በውስጧ የነበሩት 23 ሰዎች ሁሉ ታመሙ፤ የሬዲዮ ሠራተኛው አይኪቺ ኩቦያማም በመስከረም 1947 ዓ.ም. ሞተ። በተከተለው ወር፣ በጥቅምት 1947 ዓ.ም.፣ ቶሆ የተባለው የጃፓን ፊልም ኩባንያ «ጎጂራ» የተባለውን ፊልም ለሕዝብ አሳየ፤ ዓለም በኋላ «ጎድዚላ» ብሎ የጠራው ይህ ነው። ጭራቁ ከባሕር ወለል የተነሣው በዚሁ ቦምብ ፈተና ምክንያት እንደ ሆነ በፊልሙ ይነገራል። ያዘጋጀው ኢሺሮ ሆንዳ ራሱ ወታደር የነበረ፣ ከጦርነት ሲመለስም የሂሮሺማን ፍርስራሽ በዓይኑ ያየ ሰው ነበረ።

በዚያ በመጀመሪያው ፊልም ውስጥ የሚወድቀው ሕንፃ ብቻ አይደለም። ከተማው ሲነድ አንዲት እናት ልጆቿን አቅፋ፣ ወደ ሞተው አባታቸው የሚሄዱበት ሰዓት እንደ ቀረበ ስትነግራቸው ይታያል። በማግሥቱም ሆስፒታሉ በቁስለኛ ሞልቶ ይታያል። ስለዚህ ይህ ጭራቅ የልጆች ማስፈራሪያ ሳይሆን የአንድ የተጎዳ ሕዝብ ምስክርነት ነበረ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ምንድር ነው? ፊልሙ ገንዘብ አመጣ፤ ገንዘብም ሌላ ፊልም ወለደ። ጭራቁ ከሌሎች ጭራቆች ጋር እንዲታገል ተደረገ፤ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ቀስ በቀስ የሰው ረዳትና የልጆች ወዳጅ ሆነ። ከተማ ይፈርሳል፤ ሰው ግን በፍርስራሹ ሥር እየታየ አይሄድም። ክራይቴሪዮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1954 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የተሠሩትን 15 ፊልሞች በአንድ ሣጥን ሰብስቦ በ2019 እ.ኤ.አ. አወጣ። አሥራ አምስቱን ለማየት ከ20 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። በእነዚህ ሰዓቶች ውስጥ ተመልካቹ ከለቅሶ ተነሥቶ ወደ ጨዋታ ይደርሳል፤ መንገዱም ቀስ ያለ ስለ ሆነ ለቅሶውን የትኛው ቦታ ላይ እንደ ተወው አያውቀውም።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል ያገራችን ሰው። የዚህን ተረት ግልባጭም ማሰብ ይገባናል። ልጥን ዘወትር እባብ ነው እያለ የሚጫወትበት ሰው እባብ በእውነት የመጣ ዕለት ልጥ መስሎት ይረግጠዋል። የደጋገሙት ፍርሃት ከፍርሃትነት ይወጣል፤ ከዚህም የሚብሰው አብሮት ርኅራኄ መውጣቱ ነው።

አባቶቻችንም ጭራቅን ያውቁታል፤ ዘንዶንም ሥለው አኑረውታል። በአክሱም ታሪክ አርዌ የተባለ እባብ ነግሦ ሕዝቡ ሴቶች ልጆቹን ይገብርለት እንደ ነበረ፣ ገድሎትም የነገሠ ሰው እንደ ነበረ ይተረካል። በየቤተ ክርስቲያኑም ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን በጦር ሲወጋ ተሥሎ እናያለን። ይህን ሥዕል ልብ ብለህ ተመልከተው። ሠዓሊው ዘንዶውን ብቻ አልሣለም፤ ፈረሰኛውንም ብቻ አልሣለም። በዛፉ ላይ ለዘንዶው ልትሰጥ የነበረችው ብላቴና፣ ብሩታዊት፣ አለች። እርሷ ባትኖር ሥዕሉ የአንድ አውሬና የአንድ ጦረኛ ትግል ብቻ በሆነ ነበር። አደጋው የማን እንደ ሆነ የምታሳየን እርሷ ናት። ሥዕሉ በየትውልዱ ደጋግሞ ቢሣልም ትርጉሙ ያልጠፋው ሠዓሊዎቻችን ብሩታዊትን ከዛፉ ስላላወረዷት ነው። እንግዲህ ጉዳቱ ከመደጋገም ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ተጎጂውን እያስቀሩ ከመደጋገም የሚመጣ ነው።

ነገር ግን ፍርድ ሚዛናዊ መሆን አለበት። እነዚህን ፊልሞች ሰብስቦ ለሚያኖርም ሰው ጥሩ መከራከሪያ አለው። የመጀመሪያው ፊልም በ1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲታይ ብዙ ክፍል ተቆርጦ፣ በምትኩ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ የሚታይበት ክፍል ተጨምሮበት ነበር። ከጃፓን ውጭ ያለው ብዙ ሰው ለብዙ ዓመታት የሚያውቀው ይህንኑ የተቆራረጠውን ነበር። ዛሬ ሙሉውና የተቆረጠው በአንድ ሣጥን ስለሚገኙ የፈለገ ሰው አስተያይቶ ምን እንደ ተወገደ ሊያውቅ ይችላል። የሚጠብቀው ሰው ያጣ ምስክርነት ይጠፋልና፣ ሰብስቦ ማኖር በራሱ ኃጢአት አይደለም። መጽሐፍን የሚያኖር ሰው ይመሰገናል፤ ፊልምንም በዚሁ ልብ የሚያኖር ቢመሰገን ተገቢ ነው። ነውሩ ያለው ባለቤትነትን እንደ ዕውቀት በመቁጠር ላይ ነው። መጽሐፍ በቤቱ የሞላ ሁሉ ሊቅ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሣጥኑን ያሟላ ሁሉ አይቷል ማለት አይደለም።

ታዲያ ማየት ማለት ምንድር ነው? መልሱን ያው የመጀመሪያው ፊልም ራሱ ይሰጠናል። ሴሪዛዋ የተባለ ሳይንቲስት ጭራቁን ሊገድል የሚችል ኃይል ፈልስፏል፤ ሆኖም ኃይሉ በክፉ ሰዎች እጅ ቢገባ ከጭራቁ የባሰ ጥፋት ያመጣል ብሎ ስለሚፈራ አላወጣም ይላል። በዚህ መካከል በቴሌቪዥን የከተማውን ፍርስራሽና የቁስለኞቹን ሥቃይ ያያል፤ ልጃገረዶችም ስለ ሰላም ሲዘምሩ ይሰማል። ያን ጊዜ ይነሣል። ማንም ዳግመኛ እንዳይሠራው የምርምር ጽሑፉን ሁሉ ያቃጥላል፤ ኃይሉን ይዞ ወደ ባሕር ወርዶም ምስጢሩን በራሱ ሞት ይዘጋዋል። እርሱም እንደ እኛ በመስኮተ ትርኢት ፊት ተቀምጦ የሌላውን ጥፋት ያይ ነበር። ልዩነቱ ያየው ነገር ከተቀመጠበት ማስነሣቱ ነው።

ስለዚህ የማየት መለኪያው ይህ ይመስለኛል፤ ካየህ በኋላ ትነሣለህን? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በነበረው ጦርነት ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ ያን ጊዜም ብዙዎቻችን ጥፋቱን በስልካችን አይተን በጣታችን ገፋ አድርገን ወደ ሚቀጥለው ሥዕል አልፈናል። የጭራቁ ሣጥን ያስተማረን ልማድ ይህ ከሆነ ሣጥኑ ጎድቶናል። እንዲሁም ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው ቁልቁለቱን የሚወርዱ ሴቶችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናያቸዋለን። ለብዙ ጊዜ ስላየናቸው የመንገዱ አካል መስለውናል። ከወገባቸው የሚያጎብጣቸው ሸክም በፊልም ከሚታየው አውሬ ሁሉ ይልቅ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን አይጮኽም፣ እሳትም አይተፋም፤ ስለዚህ ዓይናችንን አይስብም።

እንግዲህ ወጣት ወዳጄ ሆይ፣ ጭራቅ ያለበትን ፊልም አትይ ብዬ አልከለክልህም፤ እይ። ነገር ግን አሥራ አምስቱን በተከታታይ ከመጨረስ ይልቅ አንዱን አይተህ ዝም ብለህ ጥቂት ተቀመጥ። ፍርሃቱ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ተጎዳበት ጠይቅ። ሕንፃው ሲወድቅ በዓይንህ ሕንፃውን ሳይሆን በደጃፉ ያለውን ሰው ፈልግ። ፈልገህ ካጣኸው፣ ፊልሙ ብሩታዊትን ከዛፉ አውርዷታልና ተጠንቀቅ። ለታናናሾችህ የማይገባቸውን አታሳይ፤ የገባህን ደግሞ አስረዳቸው። ያለህን ብቻህን ቆልፈህ ከምታኖር ለወዳጅህ አውስና አብራችሁ ተነጋገሩበት። ከሁሉም በላይ ቴሌቪዥኑን ካጠፋህ በኋላ ወደ ውጭ ውጣ፤ በጠባቡ መንገድ ሸክም ይዛ የምትመጣ እናት ብታገኝ መንገድ ልቀቅላት፤ ጉልበት ካለህም ሸክሙን ተቀበላት። የጭራቅ ታሪክ ከጥንት ጀምሮ የተነገረው አንድ ሰው እንዲነሣ ነውና።