ባና ያልሸፈነው ፊት

የመንዝ ብርድ ያታልላል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ጨረሩ ሲነካ አይሞቅም። ሰው በረደኝ ብሎ ባናውን ይከናነባል፤ ፊቱን ግን ለፀሐይ ትቶ ይውላል። ሜላኒን የሚባለው ጥቁሩ ቀለማችን ጋሻ ነው፤ የማይበሳ ጋሻ ግን አይደለም።

አክስቴ ዕድሜዋን ስትጠየቅ «ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው የተወለድኩት» ከማለት አታልፍም። ከዓመታት በፊት ገብስ ስታጭድ ፎቶግራፍ አንስቻት፣ «የጽናት መልክ» ብዬ ከጽሑፌ ጋር አውጥቼው ነበር። አንባቢ ወደደው፤ እኔም ኮራሁ።

አምና ጉንጯ ላይ ቅርፊት እያበጀ አልሽር ያላትን ነገር ይዛ አዲስ አበባ መጣች። ሐኪሙ ቢላ አላነሳም። ደርማቶስኮፕ የሚባል ባለ መብራት አጉሊ መነጽር አስጠጋ፤ መሣሪያው 10 እጥፍ ያህል ያጎላል፣ የላዩን ነጸብራቅ ያጠፋና ከሥር ያለውን ቀለምና የደም ሥር ያሳያል። ቀጥሎ እጅጌዋን አሰብስቦ የክንዷን ውስጥ አየ። ባና ሲሸፍነው የኖረው ቆዳ የሌላ ሰው ይመስላል! «ሁለቱም እኩል ዓመት ኖረዋል፤ ልዩነቱ የፀሐይ ድርሻ ነው» አለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የሕክምና መጽሔት ለ28 ዓመት መኪና ሲነዳ የኖረ የ69 ዓመት ሰው ፎቶግራፍ አውጥቶ ነበር። በመስኮቱ ወገን ያለው ፊቱ ከሌላው ወገን እጅግ ተጨማድዷል። ዛሬ ኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ቆዳ ሳይቆረጥ እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ድረስ ሕዋሳቱን ለይቶ ያሳያል። ብርሃን ልኮ የሚመለሰውን የሚያነብ ሌላ መሣሪያም 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘልቃል፤ ኮላጅን የሚባሉት የቆዳ ማገሮች እንዴት እንደፈራረሱ ይታይበታል።

ሐኪሙ «የፀሐይ ጉዳት» ሲል ቅር አለኝ። ሽበትና መጨማደድ የሚከበርበት አገር ልጅ ነኝ፤ የኖረ ፊት እንዴት «የተጎዳ» ይባላል? ደግሞም በዓለም ላይ በአልትራቫዮሌት ካሜራ ያልታየውን ነጠብጣብ እያሳዩ፣ አስፈራርተው ቅባት የሚሸጡ ሞልተዋል። ለመሆኑ ግን ቅሬታዬ ለማን ጥብቅና ቆሞ ነበር? ለአክስቴ ነው ወይስ ለፎቶግራፌ? መጨማደዱን ያመጣው አጨዳው ነው፤ ውበቱን ያየሁት እኔ ከጥላ ሥር ተቀምጬ ነው።

ማታ ያንን ፎቶግራፍ አውጥቼ አየሁት። ጉንጯ ላይ ያለው ነገር ያኔም ነበር። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! የመልኳ አካል አድርጌ አደነቅሁት እንጂ «ምንድን ነው?» ብዬ አልጠየቅኋትም።

በመጨረሻ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ መመርመሩ አልቀረም፤ ምስል ብቻውን ሁሉን አይፈርድም። ደግነቱ በጊዜ ተደርሶበታል። አክስቴ ልትወጣ ስትል «ልጄ፣ ዕቃህ ዕድሜዬን ነገረህ?» አለችው።

«የፊትዎን ነው የክንድዎን፣ እማማ?»

«ለእርዳታ መዝገብ ከሆነ የፊቴን፣ ለሥራ ከሆነ የክንዴን ጻፍልኝ።»

ሰፊ ባርኔጣ ገዝቼ ሸኘኋት። ፎቶግራፉን እንደገና ላትመው ብሎ የጠየቀኝ አንድ አዘጋጅ አለ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም።