ሰብር ማለት ዝም ማለት ነው?

የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻ ከራሴ ስህተት ይነሳል።

ሰቆጣ ላይ ከደርስ በኋላ አንድ ተማሪ ጠጋ አለኝ። ቤተሰቡ ከኒሯቅ የተፈናቀለ ነው። «ኡስታዝ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም። ደብተር ስገልጥ ቤታችን ነው የሚታየኝ። ሰላት ላይም ልቤ አይገኝም። ኢማኔ ደክሞ ይሆን?» አለኝ። እኔም ቸኩዬ «ሰብር አድርግ፣ ቁርኣን አብዛ» አልኩት። «እሺ ኡስታዝ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ በቀር ምንም ነግሮኝ አያውቅም።

ያልኩት ነገር ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን በሩን ዘጋሁበት። ለመሆኑ ሰብር ማለት ዝም ማለት ነው? ያዘነ ሰውስ የአላህን ቀደር አልወደደም ማለት ነው?

ሙሃጂሮች ቤታቸውን ጥለው መዲና በገቡ ጊዜ አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ) በትኩሳት ታመሙ። ቢላል ትኩሳቱ ቀለል ሲለው ድምፁን ከፍ አድርጎ የመካን ሸለቆ፣ ሣሯን፣ ውሃዋንና ተራሮቿን በግጥም እየጠራ ይናፍቅ ነበር። ይህ ሰው በጋለ አሸዋ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት «አሐድ፣ አሐድ» ያለው ሐበሻው ቢላል ነው። ኢማኑን ማን ይጠረጥራል? ያውም የናፈቃት መካ የተሰቃየባት ከተማ ናት!

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የሰማችውን ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነገረቻቸው። እርሳቸውም አልተቆጡም። አላህ መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በላይ እንዲያስወድዳቸው፣ ጤናማ እንዲያደርግላቸው፣ ትኩሳቷንም ከእርሷ እንዲያርቅ ዱዓ አደረጉ። ልብ በሉ፤ በአንድ ዱዓ ናፍቆቱንም ሕመሙንም አነሱ። ያዕቆብም (ዐ.ሰ) መልካም ሰብርን የመረጡ ነብይ ናቸው፤ ዓይናቸው ግን በሐዘን ነጥቷል። ሰብርና እንባ በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ዋግ ሲደርስ ከአበርገሌና ከጻግብጂ ብዙ ሰው ወደ ሰቆጣና ወደ ወለህ ተፈናቀለ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ልብ ግን በፊርማ አይረጋም። ትናንት ፍየሉን ያረባ የነበረ አባት የእርዳታ ስንዴ ሲጠብቅ ልጁ ያያል። «እኛን የምታነሳን አንተ ነህ፣ ተማር» ይሉታል። እርሱም እናቱን እንዳይጨምርባት ጭንቀቱን ይደብቃል። ፈተና ሲወድቅ «ሰነፍ»፣ ዝም ሲል «ጨዋ ልጅ» እንለዋለን።

ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የኖረው የበልኹ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሰውነትንና የነፍስን ጤና በአንድ ኪታብ ጽፏል። ሰበቡ የሚታወቅን ሐዘን ሰበቡ ከማይታወቀው ለይቶ፣ ለሁለተኛው የሰውነት ሕክምና እንደሚያስፈልግ አስረድቷል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘውናል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ መሄድ ከተወኩል አያወጣም፤ ሰበቡን ማድረስ ነው።

አንተ የጨነቀህ፣ አንቺም የጨነቀሽ፦ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ መጥላቱ፣ ትምህርት አልገባ ማለቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ነገን አትጠብቁ። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ። ዱዓችሁንም አትተዉ።

ጓደኛ የሆናችሁ፣ እንደኔም ኡስታዝ የምትባሉ፦ «ሰብር አድርግ» ከማለታችን በፊት «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ቁጭ ብለን እንስማ። ሐኪም ጋ መሄድ ከከበደው አብረነው እንሂድ። አንሷሮች ሙሃጂሮችን የተቀበሉት በምክር ብቻ አልነበረም፤ ቤታቸውንና ማዕዳቸውን አካፍለዋቸዋል።

እኔ ዛሬ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ያንን ልጅ ፈልጌ «ያን ቀን አልሰማሁህም፣ አፉ በለኝ፤ እንደገና ንገረኝ» እለዋለሁ፣ ኢንሻአላህ። እናንተስ ዛሬ ማንን ትጠይቃላችሁ?

አላህ የተጨነቁትን ልብ ያስፋ፣ የተፈናቀሉትን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስ። አሚን። በነብዩ ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።