የሚቻለው ሁሉ የተገባ ነውን?



ሰው በማኅፀን ሲፈጠር ከአንዲት ሕዋስ ቆዳው፣ አጥንቱና አንጎሉ ይወጣሉ። ሕዋሳቱ ዕጣቸውን የሚያውቁት እርስ በርስ በሚላላኩት መልእክት ነው። ቢ.ኤም.ፒ. የሚባሉት ፕሮቲኖች የጽንሱን የላይኛውን ሽፋን ወደ ቆዳነት ይመራሉ፤ ኖጊን የተባለው ፕሮቲን ደግሞ እነርሱን ይዞ ወደ ሕዋሱ እንዳይደርሱ ያግዳቸዋል። በታገዱበትም ስፍራ የነርቭ ሥርዓት ይጀመራል። ሪቻርድ ሃርላንድና ዊልያም ስሚዝ ኖጊንን በእንቁራሪት ጽንስ አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1992 ዓ.ም. አስታወቁ።

የጣቶቻችን መጋጠሚያም የዚህ እገዳ ፍሬ ነው። የኖጊን ዘረ መል ጉድለት ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች የጣታቸው አንጓ ተጣብቆ አይታጠፍም፤ አጥንቱ ማቆም በሚገባው ስፍራ አላቆመምና። እንግዲህ መገደብ ሁልጊዜ ማጉደል አይደለም፤ እጅ እጅ የሆነው በእገዳ ጭምር ነው። ይህን በምሳሌነት እንወስደዋለን እንጂ የሥነ ምግባርን ሕግ ከሕዋስ አንቀዳም፤ ሕዋስ አይመርጥም፣ ሰው ግን ይመርጣል።

ዛሬ ሰብአዊው ኖጊን በቤተ ሙከራ ይመረታል። የሰው ዘረ መል ወደ ባክቴርያ ወይም በቤተ ሙከራ ወደሚያድጉ ሕዋሳት ይገባና እነርሱ ፕሮቲኑን ይሠራሉ። ይህ የሰውን ክብር ይነካልን? አይነካም እንላለን። በዚሁ ዘዴ የሚሠራው ኢንሱሊን እ.ኤ.አ. ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ የስኳር ሕሙማንን ሲረዳ ኖሯል። የሰው ክብር በራሱ በሰውየው ዘንድ ነው እንጂ ከእርሱ በተቀዳ መመሪያ ውስጥ አይደለም።

ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው በአጠቃቀሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. በኔዘርላንድ ቶሺሮ ሳቶና ሃንስ ክሌቨርስ ከአይጥ አንጀት በተወሰዱ ግንደ ሕዋሳት፣ ኖጊንን ጨምረው፣ ጥቃቅን የአንጀት አምሳያዎችን አሳደጉ፤ ዘዴው ቆይቶ ከሕሙማን በሚወሰድ ናሙና ላይ መድኃኒትን ለመፈተን ጠቀመ። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች በኖጊን ረዳትነት የሰው ጽንስ ግንደ ሕዋሳትን ወደ ነርቭ ሕዋስነት ለወጡ። ፕሮቲኑ አንድ ነው፤ የሕዋሳቱ መገኛ ግን ይለያያል። የጽንሱ ግንደ ሕዋሳት የሚገኙት ገና በጅምር ያሉ ጽንሶች ፈርሰው ነው።

«የሚንቀጠቀጠው ሽማግሌ ቢድንበትስ?» የሚለውን ጥያቄ ልናቃልለው አይገባም፤ የሕመምተኛው ሥቃይ እውነተኛ ነውና። ነገር ግን ዶኑም ቪቴ (1987) እና ዲግኒታስ ፐርሶኔ (2008) የተባሉት የቅድስት መንበር ሰነዶች እንደሚያስተምሩት፣ ሰው ከጽንሰቱ ጀምሮ እንደ ሰው ሊከበር ይገባዋል፤ አንዱን ለማዳን ሌላውን ማጥፋት አይፈቀድም። ደግሞም ይህ እገዳ ሁሉንም መንገድ አይዘጋም፤ ሺንያ ያማናካና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. የአዋቂ ሰው የቆዳ ሕዋስ ወደ ግንደ ሕዋስነት ሊመለስ እንደሚችል አሳይተዋል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ስለ አዲስ መድኃኒት ስትጠየቁ ሳይንስን በጅምላ አትንቀፉ፤ በጅምላም አታጽድቁ። «ይህ ከማን ተገኘ? ማንስ ተጎዳበት?» ብላችሁ መርምሩ። የሕመምተኛውና የተመራማሪው ኃላፊነት እኩል አለመሆኑንም አስተምሩ፤ በታመመው ጫንቃ ላይ የሌላውን ሸክም አንጫን።