የተረፈው ሰዓት የት ገባ?

ውድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች፦

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ለብዙዎቻችን የመብራትና የውኃ ክፍያ ሰልፍ ቀርቶልናል። ከአልጋ ሳንወርድ እንከፍላለን። መልካም ነው፤ ስልክን ላወግዝ አልተነሣሁም። ግን ያ የተረፈው ሰዓት የት ገባ?

እናቶቻችን እዚያው ሰልፍ ላይ ቆመው የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ያደርሱ ነበር። ጸሎቱ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነውና የሰኞው ለሰኞ ሰልፍ ይበቃል፤ (ሰልፉ ግን አንዳንዴ ማክሰኞንም የሚያስጀምር ነበር!)። ለእኛ ሰልፉ ሲቀር ጸሎቱም አብሮት ቀረ።

«ጊዜ የለኝም» እንላለን። አውራ ጣታችን ግን ቲክቶክ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች እያለች እስከ እኩለ ሌሊት ትሰግዳለች፤ ያውም ሳይደክማት። በስቅለት ዕለት ጥቂት ሰግደን ወገባችንን የምንይዝ እኛው ነን። መዝሙረ ዳዊትም እዚያው ስልካችን ላይ ተጭኗል፤ ልንከፍተው ስንል መልእክት ይገባል፤ ዳዊት ይቆየን እንላለን፤ ዳዊትም ይቆያል።

ለሚመጣው እሑድ አንድ የቤት ሥራ አለ። በየዕለቱ ስልካችሁ ላይ ስንት ሰዓት እንዳሳለፋችሁ ስልኩ ራሱ መዝግቦ ይዟል፤ ቅንብሩን ከፍታችሁ እዩት። ቁጥሩን ለእኔ አትንገሩኝ፤ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ።