ተራራው የማን ነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የአንድ መንደር ሰው ድምፅ ሰጥቶ በአብላጫ የወሰነውን ነገር፣ እዚያ የማይኖር ሰው "አይሆንም" ሊለው ይችላል?

ደቡብ ጀርመን ውስጥ፣ የአልፕስ ተራሮች ከፍ ማለት በሚጀምሩበት በአልጎይ አካባቢ፣ ሪድበርግ የሚባል በር አለ። በተራሮች መካከል እንደ ኮርቻ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። 1,407 ሜትር ላይ አስፋልት ያልፍበታል። ከጎኑ 1,787 ሜትር የሚደርሰው ሪድበርገር ሆርን ቆሟል። በአንድ በኩል 300 ገደማ ሰው ብቻ የሚኖርባት ባልደርሽቫንግ፣ በሌላ በኩል ኦበርማይዝልሽታይን አሉ።

በ2016 እ.ኤ.አ. የሁለቱ መንደር ሰዎች ድምፅ ሰጡ። ጥያቄው የበረዶ ሸርተቴ ቦታዎቻቸው በተራራው ላይ በኬብል ካር ይገናኙ ወይ የሚል ነበር። አብዛኛው ሰው "ይገናኙ" አለ። ችግሩ፣ ከ1972 ጀምሮ የባቫሪያ የአልፕስ ፕላን እንዲህ ያለ ግንባታ የከለከለበት ዞን ውስጥ መሆኑ ነው። መንግሥት በ2017 ደንቡን ለወጠላቸው፤ ተቃውሞው ግን በረታና በ2018 ዕቅዱ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ልቤ ከመንደሮቹ ጋር ነበር። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባል የለ? ከከተማ ቅዳሜና እሁድ በመኪናው መጥቶ "ጸጥታዬን አትንኩብኝ" የሚል ሰው፣ በሌላው እንጀራ ላይ ቸር መሆን ይቀለዋል።

ግን ተረቱ ስለ በሬው እንጂ ስለ ሰርዶው አያወራም። እዚያ ተራራ ላይ የጫካ ዶሮ የሚመስል ጥቁር ወፍ ይኖራል። ክረምቱን በረዶ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ጉልበቱን ቆጥቦ ነው የሚያሳልፈው። በተረበሸ ቁጥር ይበራል፤ ያጠራቀመውን ጉልበትም ይጨርሳል። እሱ ድምፅ አልሰጠም። ገና ያልተወለዱት የመንደሩ ልጆችም አልሰጡም።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሌላም ነገር አለ። ዛሬ "አይሆንም" ከተባለ፣ ነገ እንደገና መጠየቅ ይቻላል። ዛሬ "ይሁን" ተብሎ ተራራው ከተቆፈረ ግን፣ የነገው ሰው የሚጠየቀው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሁለቱ መልሶች እኩል አይመዝኑም፤ የማይመለሰው ከአንድ ቀን አብላጫ ድምፅ በላይ ሊጠየቅበት ይገባል።

ይህ ማለት ግን "አይሆንም" ነፃ ነው ማለት አይደለም። ተራራው የሁላችንም ነው ካልን፣ ወጪውም የሁላችንም ነው። ሥራ ፍለጋ መንደሩን ለቆ የሚሄደውን ወጣት ሳያስቡ ስለ ወፉ ብቻ መጮህ፣ ለእኔ ግማሽ ፍትሕ ነው። እናንተስ፣ ተራራው እንዳይነካ ስትሉ ከኪሳችሁ ስንት ታወጣላችሁ?